ባሕር በሌለበት የባሕር ወንበዴ? ይቻላል፤ ግንቡን ግን አትንኩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው እትማችሁ ያወጣችሁትን የአንድ አንባቢ ደብዳቤ አነበብኩት። ጸሐፊው የጻፉት ሐረር ጀጎል ውስጥ ለጎብኚዎች ስለተዘጋጀ የባሕር ወንበዴዎች የሀብት ፍለጋ ጨዋታ ነው። ሰውዬው በጣም ተናደዋል። ባሕር በሌለው አገር፣ መርከብ ደርሶበት በማያውቅ ከተማ፣ ስንት ዘመን በቆመ ግንብ ሥር አዋቂ ሰዎች አንድ ዓይናቸውን በጨርቅ ሸፍነው ሲሯሯጡ ማየት ያሳፍራል ብለዋል። ጨዋታው ከነአካቴው ይከልከል ባይ ናቸው።

እኔ ጀጎል ውስጥ ተወልጄ ያደግሁ፣ ፈቃድ ያለኝ አስጎብኚ ነኝ። እንዲህ ዓይነቱን ጨዋታ ሐረር ላይ ካዘጋጁት ሰዎችም አንዱ ነኝ። ስለዚህ ዝም ብል አይሆንልኝም። ጸሐፊው ያዩት ጨዋታ የእኔ አይደለም። ስለዚያኛው ዝቅ ብዬ እጽፋለሁ፤ በእሱ ላይ ያሉትን ሁሉ ከጎናቸው ቆሜ እፈርማለሁ። ይከልከል የሚለው ላይ ግን እንለያያለን።

ሐሳቡ የመጣው ከእንግዶች ነው። ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጡ፣ እርስ በርስ የሚዛመዱ ቤተሰቦች ነበሩ። ልጅ በልጅ ናቸው። ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብዬ በሚኒባስ ስንወጣ፣ ገና የደንገጎን ዳገት ሳንጨርስ አንዷ እናት ከኋላ ወንበር ተነስታ አጠገቤ ተቀመጠች። "ወንድሜ፣ አደራህን" አለችኝ። "እነዚህ ልጆች ጎንደርና ላሊበላ ላይ ዓመተ ምሕረት ሰምተው ጠግበዋል። ትንሹ ደግሞ ስለ ባሕር ወንበዴ ካልሆነ አያወራም። የሆነ ነገር ፍጠርላቸው።"

በእኛ ሥራ ላይ ያለ ሰው ይህ ለምን እንደሚያም ያውቃል። ሁላችንም የምንለው አንድ ዓይነት ነው። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ ተመዘገበ፤ 82 መስጊድ፣ 102 አዋች (የቅዱሳን መቃብርና መታሰቢያ ቦታ)፣ አምስት በር። ቁጥሩ ልክ ነው፤ እኔም በቃሌ እወጣዋለሁ። ግን ልጅ ይቅርና አባቱም ሦስተኛው መስጊድ ላይ ስልኩን ያወጣል። ዓይኑ ስልኩ ላይ፣ እግሩ ጀጎል ውስጥ ሆኖ ከተማዋን ጨርሶ ይወጣል።

እና ወንበዴን ከሐረር ምን ያገናኘዋል? የደብዳቤው ጸሐፊም የጠየቁት ይህንኑ ነው።

የሐረር ዕቃ የሚወጣውና የሚገባው በግመል ነበር። ቅፍለቱ ቆላውን አቋርጦ ባሕር ዳር ወዳለችው ወደብ፣ ወደ ዘይላ፣ ይወርዳል። ከዘይላ በጀልባ ወደ የመን ወደቦች፣ ወደ ኤደንና ወደ ሞካ፣ ይሻገራል። ከሞካ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ባብ ኤል መንደብ አለ፤ ቀይ ባሕር ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ጋር የሚገናኝበት ጠባብ አፍ። አፉ ላይ ፔሪም የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. በ1695 ሄንሪ ኤቭሪ የሚባል እንግሊዛዊ የባሕር ወንበዴ ከመሰሎቹ ጋር ተባብሮ እዚያ አድፍጦ ነበር። የሚጠብቀው ከሞካ ወደ ሕንድ የሚመለሱትን መርከቦች ነው። መርከቦቹ በሌሊት ሹልክ ብለው አለፉት። እሱም እግር በእግር ተከትሎ ሄደና ጋንጂ ሳዋይ የተባለችውን የሕንዱን የሙጋል ንጉሥ ትልቅ መርከብ ያዘ። መርከቧ ላይ ከመካ የሚመለሱ ሐጃጆች ነበሩበት። ግፉ ብዙ ነው፤ ለልጅ የሚነገር አይደለም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ዊሊያም ኪድ የሚባለው ካፒቴን ያችኑ ደሴት ተገን አድርጎ እነዚያኑ የሞካ መርከቦች ጠበቀ። አልቀናውም። እ.ኤ.አ. በ1701 ለንደን ላይ ተሰቀለ። ኤቭሪ ግን የገባበት ጠፋ። እስከ ዛሬም የት እንደሞተ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። የገባበት ያልታወቀ ወንበዴ ለጨዋታ አዘጋጅ ምን ያህል ምቹ እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም።

ታዲያ ተረቱን ያበጀሁት እዚያው ሚኒባሱ ውስጥ ነው። የሐረማያን ሐይቅ ስናልፍ ልጆቹ መስኮት ላይ ተለጠፉ። ደርቆ ኖሮ ውሃው የተመለሰ ሐይቅ መሆኑን ነገርኳቸውና ከዚያው ጀመርኩ። አንድ የሐረር ነጋዴ ሣጥኑን አስጭኖ ወደ ሞካ ላከ። ሣጥኑ ባብ ኤል መንደብ ላይ ተዘረፈ። ከዘራፊዎቹ አንዱ ከጓደኞቹ ጋር ተጣልቶ፣ ሣጥኑን ይዞ ዘይላ ወረደ። ከቅፍለቱ ጋር ተቀላቅሎ ሐረር ገባ። ሣጥኑንም ጀጎል ውስጥ ደበቀው። እናንተ ነጋዴው የላካችሁ ሰዎች ናችሁ። ፈልጋችሁ ለባለቤቱ ቤተሰብ መልሱ።

ተረቱ ከራሴ የወጣ ነው፤ ለልጆቹም እንደዚያው ነግሬያቸዋለሁ። ኤቭሪና ፔሪም እውነት ናቸው፤ ሣጥኑ የእኔ ነው። ልጆቹ ወንበዴ እንሁን ብለው ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። ሐጃጅ የዘረፈን ሰው ሐረር ላይ አምጥቼ ጀግና አላደርገውም። ሰንደቅ፣ ካርታ፣ ካፒቴን፣ የፈለጉት ሁሉ ይኖራቸዋል። ሥራቸው ግን የተዘረፈውን መመለስ ነው። አኩርፈው ነበር፤ አወዳይ ስንደርስ ረሱት።

አንዱ ወንድ ልጅ ግን አልለቀቀኝም። "ቆይ፣ አንተ" አለኝ በተሰባበረ አማርኛው። እናቱ "እርስዎ በል" ብላ ልትቆጣው ስትል ተይው አልኳት። እኛ ዘንድ አንተ ተባልኩ ብሎ የሚቀየም የለም። "ሐረር ለውጭ ሰው ዝግ ነበረች ብለሃል። ወንበዴው እንዴት ገባ?" አለኝ። ልጅ እንዲህ ሲጠይቅ ሥራዬን እወደዋለሁ። ሪቻርድ በርተን የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር እንደገባ ነገርኩት። ከዘይላ የተነሳው ዓረብ ነጋዴ መስሎ እንደሆነ፣ ከተማዋ ውስጥም አሥር ቀን ያህል ብቻ እንደቆየ ጨምሬ ነገርኩት። "ገባኝ" አለ ልጁ። "ወንበዴውም ነጋዴ መስሎ ነው የገባው።" ይኸው፣ ዓመተ ምሕረቱን ሳልለምነው ተቀበለኝ።

ካርታውን ማታውን አዘጋጀሁት። ወፍራም ወረቀት ላይ ሥዬ፣ በቡና አተላ ነክሬ፣ ሲደርቅ ጠርዙን በክብሪት ለበለብኩት። አሮጌ ይመስላል፤ ሽታውም ቡና ቡና ይላል። ዋናው ዘዴ ግን ካርታው ላይ የሌለው ነገር ነው። ካርታው የ1695 ነዋ! ስለዚህ አምስቱ የጥንት በሮች ብቻ ናቸው ያሉበት፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነውና ወንበዴው ሲመጣ ግንቡም በሮቹም አሉ። የዛሬዎቹ እንግዶች የሚገቡበት ሐረር በር ግን ያኔ የለም። ከዚያ በከተማዋ መሃል ወዳለው አደባባይ፣ ወደ ፈረስ መጋላ፣ የሚወስደው ሰፊ መንገድም ካርታዬ ላይ የለም።

ጠዋት ልጆቹን በሐረር በር አስገብቼ ፈረስ መጋላ ላይ አቆምኳቸውና ካርታውን ሰጠኋቸው። ገለበጡት። አዞሩት። "ያለንበት ቦታ ካርታው ላይ የለም!" አለች አንዷ። እንግዲያው ጠይቁ አልኩ። ያን ጊዜ ነው ጨዋታው የተጀመረው። አንዱ ቡድን ባጃጅ ነጂ ጠየቀ፤ ሌላው ጥላ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌ። ሽማግሌው ካርታውን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ብዙ ካዩት በኋላ "ይህን የሣለው ልጅ ኤረር በርን ጠጋ አድርጎታል" ብለው አረሙኝ። ልክ ናቸው፤ የቦታ ጥበት ነው።

ውል ነበረን። ይህንንም ከእውነተኞቹ ወንበዴዎች ነው የወሰድኩት። ብዙዎቹ ከመነሳታቸው በፊት ውል ይጽፉ ነበር። ካፒቴናቸውን በድምፅ ይመርጣሉ፤ ካልተስማማቸው ይሽሩታል። ምግብና ምርኮ የሚያከፋፍለው ኳርተርማስተር የሚባል ሌላ ሰው ነው፤ እሱም ይመረጣል። በፍልሚያ እጁን ወይ እግሩን ላጣ ካሣው አስቀድሞ ውሉ ላይ ይሰፍራል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ከዝርፊያው በላይ ተገረሙ። የእኛ ውል ላይ የሰፈረው እንዲህ ነው። ጠባብ መንገድ ላይ መሮጥ የለም። አህያ ከመጣ ግድግዳ ተጠግቶ ማሳለፍ። ሳይፈቀድ ሰው ፎቶ ማንሳት የለም። ሰው ቤት ሲደርሱ ከደጅ ቆሞ መጣራት። ከመስጊድ፣ ከአዋችና ከግንቡ ላይ ምንም አይነሳም፣ ምንም አይቀመጥም። ውል ያፈረሰ ከድርሻው ይቀነስበታል። ሁሉም ፈረሙ። አንድ አባት በኋላ ፎቶ ሲያነሳ በገዛ ልጁ ተከሶ ድርሻው ተቀነሰ።

ፍንጮቹን በእንቆቅልሽ ሠራኋቸው። ሌላ አገር በወረቀት ጽፈው ድንጋይ ሥር ይደብቁታል ይባላል። እኛ እንቆቅልሽ እያለን ወረቀት ምን ያደርግልናል? እያንዳንዱ ፍንጭ በሰው አፍ ነው የተቀመጠው። ልጁ ሰውየውን ያገኛል፣ ሰላም ይላል፣ "እንቆቅልሽ" ይባላል፣ "ምን አውቅልህ" ይላል። ካቃተው አገር ይሰጣል። የወንበዴ ጨዋታ ነውና የሚሰጠው አገር ወደብ መሆን አለበት አልን። ዘይላ ሄደች፣ ታጁራ ሄደች፣ ምጽዋ ሄደች። አንዲት ልጅ ወደብ ሲያልቅባት ቶሮንቶን ሰጠች። ሐይቅ አላት ብላ ተከራከረች፤ ተቀበልናት።

አንዱ እንቆቅልሽ ይኸው፦ "እግሩን ሲረግጡት በጥርሱ ጨርቅ ይነክሳል፤ ተሰብስቦ ቢጮህ ለመንገዱ ስም አወጣለት።" መልሱ የስፌት መኪና ነው፤ ቦታው መኪና ግርግር፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ። እዚያ ለቡድኖቹ ሰንደቅ የሚሰፉ ልብስ ሰፊ አዘጋጅቼ ነበር። ጥቁር ጨርቅ ላይ የሰው ራስ ቅልና ሁለት አጥንት ነበር ያዘዝኩት። ሰውዬው ጨርቁን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ሳሙናውን ይዘው ቆም አሉ። "የሰው ራስ ለልጅ አልሰፋም" አሉኝ። እኔም ምን ይሻላል አልኩ። መልስ ሳይሰጡኝ በሳሙናው መሣል ጀመሩ። ሰፊ ጆሮ፣ አጭር አፍንጫ፣ የተገጠገጠ ጥርስ። ጅብ! ከሥሩ ሁለት አጥንት አቆራረጡለት። አጥንቱ እንዲያውም አሁን ነው ቦታውን ያገኘው፤ የሚበላው መጣ። ልጆቹ ፔዳሉን ተራ በተራ እየረገጡ ጠርዙን አብረዋቸው ሰፉ። የጅብ ሰንደቅ ያለው የወንበዴ ጨዋታ ሌላ የትም አለ ብዬ አላምንም።

ከዚያ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ የምትሸጠው ሴት ጋ ሄዱ። እሷ በሐረሪኛ ሰላም ያላላትን ልጅ ፍንጩን አትነግርም። ከጎኗ የቆመው የሰፈር ልጅ ሰላምታውን ያስጠናል። ይህን ልጅ ልግለጸው። እያንዳንዱ ቡድን አንድ የሰፈር ልጅ መንገድ መሪ ነበረው። ቤተሰቡ ፈቅዶ፣ ትምህርት በሌለበት ቀን። መርከብም የማያውቀው ወደብ ሲገባ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይጭናል። መልሱን መንገር አይችልም፤ ቀረባችሁ ወይ ራቃችሁ ብቻ ነው የሚለው። ሌላ ጊዜ እነዚያ ልጆች ከእንግዳ ኋላ "ፋራንጆ! ፋራንጆ!" እያሉ ነው የሚሮጡት። ያን ቀን ከፊት ሆነው መሩ። የዕርቅ መንገድ የምንለው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ሁለት ቡድኖች ፊት ለፊት ተገጣጥመው ማን ይመለስ ሲባባሉ፣ "እዚህ መጣላት አይቻልም" ብሎ ያስታረቃቸው ከመንገድ መሪዎቹ አንዱ ነው። ለእንግዳ ልጆቹ የመንገዱ ስም የገባቸው ያን ጊዜ ነው።

የመጨረሻው እንቆቅልሽ እንዲህ ይላል፦ "አምስት ወንድማማች ናቸው፤ አንዱ ከአንዱ ይበልጣል፤ እንግዳ ሲመጣ ማን የት እንደሚቀመጥ እነሱ ያውቃሉ።" የሐረሪ ቤት ያየ ሰው መልሱን ያውቃል። ነደባዎቹ፣ ሳሎኑ ውስጥ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት መቀመጫ መደቦች ናቸው። የቤቱ ባለቤት ትልቅ እናት ናቸው። ልጆቹ ከደጅ ቆመው ሲጣሩ እያወቁ ዝም አሏቸው፤ ደግመው እስኪጣሩ። ከዚያ አስገቧቸው፣ ጫማ አስወለቋቸው፣ የትኛው ነደባ ለማን እንደሆነ እያስቆጠሩ አስቀመጧቸው። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶች አሳይተው፣ ሣጥኑ ከነዚህ በአንዱ ውስጥ ነው አሉ። ልጅ ሆኖ ትንፋሹን ያልያዘ አልነበረም። ሀብቱ ሐላዋ፣ በትንንሽ ከረጢት የታሰረ የሐረር ቡና፣ እና ከቆርቆሮ የተቆረጠ ሳንቲም ነበር።

ሳንቲሙ ለምን ቆርቆሮ ሆነ የሚል ይኖራል። ሐረር በአሚሮቹ ዘመን የራሷን ሳንቲም፣ መሐለቅ የሚባለውን፣ ታትም ነበር። 1780 የሚል ዓመት ያለበት ማርትሬዛ ብርም ገበያ ላይ አይጠፋም። እውነተኛውን ሳንቲም ለልጅ ሰጥቶ ማስደሰት ይቻላል። ግን ልጁ ይዞት አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል። የቅርስ አዋጁ፣ 209/1992፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዲወጣ አይፈቅድም። ፍተሻ ላይ የሚያለቅስ ልጅ ማየት አልፈልግም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የዘረፋ ታሪክ አውርቼ ስጨርስ የከተማዬን ሳንቲም በሻንጣ መላክ አይመቸኝም።

ገንዘቡም ይነገር። ልብስ ሰፊው፣ ሙሸበክ ሻጯ፣ የቤቱ እናት፣ የመንገድ መሪዎቹ ቤተሰቦች ክፍያቸው በዚያው ቀን፣ ቡድኑ ምሳ ሳይበላ እጃቸው ገብቷል። ከቱሪስት የሚገኘው ብር አብዛኛውን ጊዜ ሆቴል፣ መኪናና እኛ አስጎብኚዎች ጋ ነው የሚቀረው። በዚህ ጨዋታ ግን ሰው ካልተሳተፈ ፍንጭ የለም፤ ስለዚህ ሰው ካልተከፈለ ጨዋታ የለም።

አሁን ወደሚያናድደው ልምጣ።

የልጆቹ ፎቶ ተሰራጨ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ከሌላ ከተማ የመጣ አዘጋጅ፣ ስሙን አልጠራም፣ ትልቅ የመሥሪያ ቤት ቡድን ይዞ መጣ። አዋቂዎች ናቸው። የአካባቢ አስጎብኚ አልያዙም። ቀኑ ዓርብ፣ ሰዓቱ ከጁምዓ ሶላት ሰው የሚወጣበት። ፍንጭ የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ግንቡ ላይ በማስቲሽ ለጥፈዋል። ከግንቡ ሥር ወራባ ኑዱል የምንላቸው የጅብ መግቢያ ቀዳዳዎች ውስጥም ወረቀት ጠቅጥቀዋል። ማታ ጅብ የሚገባበት፣ ክረምት ጎርፍ የሚወጣበት ቀዳዳ ነው። ሣጥናቸውን ደግሞ አንድ አዋች ቅጥር ውስጥ ድንጋይ ከምረው ቀበሩት። ሰው ተስሎ የሚሄድበት ቦታ ነው! ከዚያ የራስ ቅል ጭንብል አድርገው እየጮኹ ይሮጣሉ። አንዱ ደግሞ የሶማሌ ወንበዴ ነኝ እያለ ንግግር ያስመስል ነበር። ሐረርና ድሬ ላይ ሶማሌ ጎረቤታችን፣ አማታችን፣ ባለሱቃችን ነው። በእኛ ጨዋታ ወንበዴዎቹ በ1695 የመጡ እንግሊዞች ናቸው፤ ቀልድ ያማረው በእነሱ ይቀልድ።

ይህ በራሱ በቂ ነበር። የባሰው የመጣው ግን እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው። ጣሊያን ሲወጣ ወርቅ ቀብሯል የሚለውን ወሬ አገር ሁሉ ያውቀዋል፤ እኛ ሰፈርም አለ። ካርታ የያዙ እንግዶች ግንብ ሥር እየዞሩ ሲፈልጉ ታይቷል፤ በቃ፣ ካርታው ተገኘ ተባለ። ጎረምሶች ሌሊት ዶማ ይዘው የግንቡን እግር ቆፈሩ። የጀጎል ግንብ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ነው። ከሥሩ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ጉድጓድ ቆፍረህለት ክረምት ሲመጣ ምን እንደሚሆን ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። የሰፈር ሽማግሌዎች ጉድጓዱን አስደፈኑና እኔን ጠሩኝ። "አንተ ነህ አሉ ካርታ የጀመርከው" አሉኝ። የቡናውን ካርታ አምጥቼ አሳየኋቸው። አንዱ አሸተቱት። "ይህማ ቡና ነው" አሉና ሳቅ ሆነ። ልጆቹን ሳመጣ ዋዜማውን እየዞርኩ ለጎረቤቱም ለመስጊዱም ሰው ነግሬ ስለነበር አመኑኝ። ባልነግር ኖሮ ያን ዕለት አልስቅም ነበር።

እንግዲህ የደብዳቤው ጸሐፊ ያዩት ይህን ሁለተኛውን ነው። ስለ እሱ ያሉት ልክ ነው። ግን ይከልከል ብንል የሚቆመው ማነው? ፈቃድ ጠይቆ፣ ጎረቤት አስፈቅዶ የሚሠራው ነው የሚቆመው። ሳይጠይቅ የመጣው አሁንም ሳይጠይቅ ይመጣል። ለሚመለከተው የከተማዋ ጽሕፈት ቤት የምለው ሌላ ነው። ጀጎል ውስጥ ጨዋታ የሚያዘጋጅ ሁሉ የሚያልፍበትን መንገድ አስቀድሞ ያስመዝግብ። ፈቃድ ያለው የአካባቢ አስጎብኚ ይያዝ። ግንብ፣ መስጊድና አዋች የጨዋታው አካል አይሁኑ፤ ከሩቅ ይታዩ። ዓርብ አይሁን። መቆፈር የሚባል ነገር በቃልም አይነሳ። ፍንጭ ሆኖ የሚቆም ሰው ይከፈለው። ይህን የጣሰ ይቀጣ፤ ያን ጊዜ እኔም አጨበጭባለሁ።

ሮጠን ጮኸን ካልተጫወትን የሚል የመሥሪያ ቤት ቡድን ካለ ደግሞ ድሬዳዋ ይውረድ። ከዚራ የሚባለው ሰፈር መንገዱ ሰፊ ነው፣ ዛፉ ጥላ ነው፣ ማንንም ሳይገፉ መሮጥ ይቻላል። ወንበዴም አያስፈልግም። ድሬ እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋር የመጣች ከተማ ናት፤ በአሮጌው ባቡር ኮንትሮባንድ እንዴት ይደበቅ እንደነበር የማያወራ የድሬ ሰው የለም። ወንበር ሥር ነው፣ ቀሚስ ውስጥ ነው፣ ከሰል ጆንያ ውስጥ ነው። ነጋዴና ፈታሽ ሆኖ መጫወት ነው እንግዲህ። ፈታሽ መሆን የሚፈልግ የድሬ ልጅ ከተገኘ ግን ይንገሩኝ፤ አቦ፣ እኔ አላገኘሁም።

ለደብዳቤው ጸሐፊ ግብዣ አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ይምጡ፣ አብረን እንሂድ። ሰንደቁ ልብስ ሰፊው ጋ ተሰቅሏል። እንቆቅልሹን ካልመለሱ ግን አገር መስጠትዎ አይቀርም።

ለእናንተም አንዲት እርማት አለችኝ። ከደብዳቤው ጋር ያወጣችሁት ፎቶ ሥር ሸዋ በር ይላል። ፎቶው ላይ መኪና ሲገባ ይታያል፤ እሱ ሐረር በር ነው። ሸዋ በር በቅመም ገበያው በኩል ያለው ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አስጎብኚ፣ ከሐረር ጀጎል